ትልቁ ወንበር

ወይዘሮ ባየሽ ደውለው «ልጄን የገደለውን ሰው አምጪልኝ» ሲሏት፣ ቢልቂስ ሶዶ ከሚባለው የሲያትል ሰፈር ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በመኪና ሰልፍ ታግታ ነበር። ዝናቡ አይጥልም፣ አያባራም። ከፊቷ ያለው የጭነት መኪና አይሄድም፣ አያሳልፍም። ቅዳሜ ጠዋት እንዲህ ከሆነ ሰው መቼ ይረፍ?

«ገዳዩ ታወቀ ሲሉ ሰምቼ ነበር እኮ፣ እማማ» አለች።

«ማን ነው ያወቀው? ሃሌሉያን ነው የያዙት! ቢሮው የሚያሠራትን ልጅ! ፓስፖርቷን ቀምተው ከከተማ እንዳትወጪ ብለዋታል። ሰኞ ጠዋት ሊከሷት ነው። እኔ መልከጸዴቅን ከሕፃንነቱ ጀምሬ ያሳደግሁ አክስቱ ነኝ፤ ደሙ ሲጮህ ይሰማኛል። ያቺ ልጅ ግን አይደለችም።»

«በምን አወቁ?»

«በምን አወቁ ትለኛለች! እንድታውቂልኝ አይደል እንዴ የምደውልልሽ?»

ቢልቂስ ደሴ ላይ በወንጀል ምርመራ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ዲቪ ደርሷት ሲያትል ከገባች ወዲህ ግን ኑሮዋ ለኢንሹራንስ ድርጅቶች መሰለል ነው፤ ወገቤ ተሰበረ ብሎ ካሳ የጠየቀ ሰው ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ፎቶ ታነሳለች። ሥራው ያበሳጫታል። ዛሬ የመጣላት እውነተኛ ሥራ ደግሞ የአንዲት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ዕድሜ የተንጠለጠለበት ሆነና ይኸው መንገዱ ተዘጋ። ጥሩምባዋን ነፋች። ማንም ዞሮ አላያትም።

የመልከጸዴቅ ቢሮ ኖርዝጌት፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። ሰውየው የሰዎችን ገንዘብ በማስተዳደር የታወቀ አማካሪ ነበር። ሐሙስ ሲመሽ ቢሮው ውስጥ ጭንቅላቱ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሳጅን ኦልሰን የተባለው መርማሪ በሩ ላይ ጠበቃት። ረጅም፣ ጨዋ፣ አንዴ ከወሰነ ግን እንደ ተተከለ ምሰሶ የማይነቃነቅ ሰው ነው።

«በሩ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል» አላት። «ለመግባት ወይ ቁልፍ ያስፈልጋል፣ ወይ ከውስጥ ሰው መክፈት አለበት። ቁልፍ የነበራቸው ሟቹ፣ የሥራ ሸሪኩ ያፌትና ልጅቷ ናቸው። ያፌት ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ሩቅ፣ ስፖኬን ከተማ ነበር፤ አረጋግጠናል። ልጅቷና ሟቹ ከምሳ በኋላ ሲጨቃጨቁ የጥርስ ሐኪሙ ሰምቷል። ሬሳውን አገኘሁ ያለችውም እሷው ናት።»

«ካሜራስ?»

«መግቢያው ላይ ያለው ከተበላሸ ሰንብቷል። አከራዩ ገና ነው ይላል።»

«እንዴት አይል» አለች ቢልቂስ በሆዷ። አውሮፕላን የሚሠራ ከተማ አንድ ካሜራ የሚጠግን ሰው ጠፋው።

ክፍሉን ዞራ አየችው። ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ከጀርባው በቆዳ የተለበጠ ትልቅ ተሽከርካሪ ወንበር ቆሟል፤ የኮምፒውተሩ ስክሪን ወደዚያ ዞሯል። ከጠረጴዛው ወዲህ ሁለት ቀለል ያሉ የእንግዳ ወንበሮች አሉ። ከአንደኛው አጠገብ ማዕዘኑ የሾለ የብረት ቁም ሣጥን አለ። መልከጸዴቅ የወደቀው እዚያ ሥር ነው። ከእንግዳው ወንበር ፊት፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ የታጠፈ መነጽርና ግማሹ የተጠጣ ሻይ ተቀምጠዋል።

«መነጽሩ የማነው?»

«የሟቹ። ሻዩም የእሱ ነው። ሌላ ብርጭቆ አላገኘንም።»

«ኮምፒውተሩስ?»

«በራሱ የጣት አሻራ ነው የተከፈተው። ስንደርስ ገነት የምትባል ደንበኛ ሒሳብ ስክሪኑ ላይ ነበር። ልጅቷ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጣ የገነትን ገንዘብ ልታዛውር ስትል እሱ በዚህ በኩል መጥቶ ያዛት። ተጋፉ፣ ወደቀ። ሐኪሙ እንደሚለው ወዲያው አልሞተም። አምቡላንስ ተጠርቶ ቢሆን ይተርፍ ነበር።»

ቢልቂስ መጀመሪያ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ስክሪኑ አይታይም። ተነስታ ትልቁ ላይ ተቀመጠች፤ ሁሉም ወለል ብሎ ይታያል። ደግማ መነጽሩን አየችው። ሰውየው ተረጋግቶ መነጽሩን አጥፎ አስቀምጧል። ሌባ የያዘ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

ያፌት ሲመጣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ስለ ሥራቸው ስትጠይቀው የእንግሊዝኛ ቃላት እንደ በረዶ አወረደባት።

«ያፌት፣ በፈጠረህ በአማርኛ ንገረኝ።»

«ኦኬ። ሶ፣ ስትራክቸርድ ኖት የሚባል ነገር አለ። በአጭሩ ለባንክ የምታበድሪው ገንዘብ ነው። ባንኩ የሚመልስልሽ ግን የአክሲዮን ገበያውን እያየ ነው። ገበያው ትንሽ ቢወርድ ዋናሽ አይነካም፤ ክፉኛ ከወደቀ ይነካል። ጊዜው ሳይደርስ ላውጣ ካልሽ ከስረሽ ነው የምትወጪው። ገበያው ጥሩ ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ ባንኩ ራሱ ቀድሞ ከነወለዱ ይመልስልሻል።»

«መልከጸዴቅ የሁሉን ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ነው ታዲያ ለባንክ የሚያበድረው?»

«ኖ! የእሱ ሥራ ትልቁ ነገር እኮ ይሄ ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ በራሱ ስም፣ ለብቻው የሚተዳደር ሒሳብ አለው። የአንዱ ከአንዱ አይነካካም። በየሒሳቡ ውስጥ ደግሞ ኖቶቹን በተለያየ ባንክ፣ በተለያየ ጊዜ ይበታትናቸዋል። ‹ገበሬ ጤፉንም ገብሱንም ይዘራል› ይል ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ጥሩ ኮሚሽን የሚሰጠን ባንክ አለ፣ ሁሉንም እዚያ እናድርገው ብዬው ከደረጃ ሊወረውረኝ ደርሶ ነበር።»

«እንዲህ ያለውን ነገር ለመርማሪ አይናገሩም፣ ያፌት።»

«ምን ላድርግ? እውነቱ ነው።» አንገቱን ደፋ።

«ሃሌሉያ የገነትን ገንዘብ ልትወስድ ትችል ነበር?»

«ወዴት ትወስደዋለች? ገንዘቡ በገነት ስም ባንክ ነው ያለው። እኛ ኖት እንገዛላታለን እንጂ አንዲት ዶላር ወደ ሌላ ሰው ማሻገር አንችልም። መልኬ ራሱ አይችልም። ሃሌሉያ ደግሞ ይህን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።»

«የገነት ሒሳብ ለምን ተከፈተ?»

«ሐሙስ ከሰዓት ባንኩ የእሷን ኖት ቀድሞ መለሰ። መልኬ ኮል አድርጎ ሊነግራት ነበር። እኔም ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።»

ቢልቂስ ይህን ለኦልሰን ስትነግረው «ሙከራም ወንጀል ነው» አላት። የማይቻል መሆኑን የምታውቅ ልጅ ለምን ትሞክራለች ብትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይሄ ነው። በንዴት የመኪናዋን በር ስትዘጋው ቀበቶዋ ተቀረቀረ፤ እንደገና ከፍታ ዘጋችው።

ሃሌሉያን ያገኘቻት ከባቡር ጣቢያው በታች፣ አንድ ካፌ ጥግ ነው። ፊቷ አብጧል። ያዘዘችው ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ስለ ሽማግሌ ደንበኞቻችን ነው። ኤመርጀንሲ ቢመጣባቸው ከኖት ማውጣት አይችሉም፣ ይሄን ያህል ማስገባት የለባቸውም አልኩት። እሱ ደግሞ ‹ለጊዜው የማይፈልጉት ገንዘብ መሆኑን ጠይቄ ነው የማስገባው› አለኝ። ‹ሽማግሌ ሰው ቸገረኝ ብሎ እውነቱን ይነግርሃል ወይ?› ብዬ ጮህኩበት።» እንባዋ ወረደ። «መጮህ አልነበረብኝም። ይቅርታ ልጠይቀው ነው የተመለስኩት።»

«የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ ከለቅሶዋ ቀና አለች፤ በጥያቄው የተቀየመች ትመስላለች። «ጋሼ መልኬ ወንበር ላይ? ኔቨር! እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች። ቬኬሽን ሲሄድ እንኳ ኮምፒውተሩን ቆሜ ነው የምጠቀመው።»

ቢልቂስ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ቃጣትና ተወችው። ሰኞ ከነገ ወዲያ ነው።

ወደ ሶዶ ተመለሰች። የመልከጸዴቅ ደንበኛ የሆኑት አቶ መሳፍንት እዚያ ሊሞዚኖቻቸውን የሚያቆሙበት ጋራዥ አላቸው። ሰባኛ ዓመታቸውን ቢሻገሩም ትከሻቸው አልጎበጠም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲካሰሱ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። የትልቁ እቁብ ዳኛም ናቸው፤ ከሰው ሁሉ ሰብስበው ዕጣ ለወጣለት የሚያስረክቡት እሳቸው ናቸው፤ አንድም ቀን አንድም ሳንቲም ጎደለ ተብሎ አያውቅም።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። በሐዘን ተገናኘን» አሏት። «አይዞሽ፣ ነገሩን እኔ ይዤዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ቢሮው ውስጥ ዕርቅ እናወርዳለን። ልጅቷ በስህተት ነው ብላ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ባየሽም ይቅር ትበል። ፖሊሱም ይህን ካየ ይራራላታል።»

«ካልገደለችስ፣ ጋሼ?»

«ሰይጣን አሳስቷት ነዋ። እሷ ምን ታድርግ።»

ቢልቂስ ጥርሷን ነከሰች። አገሩን ሁሉ የሚያስታርቅ ሰው ጥፋተኛውን ሳያረጋግጥ ይቅርታ ያከፋፍላል። በዚህ መሐል የአዛውንቱ ስልክ ጮኸ። አጠፉት። ወዲያው ሌላ ጮኸ፤ እሱንም አጠፉት።

«ነገ የእቁብ ዕጣ አለ» አሉ። «የዳኛ ስልክ አያርፍም።»

«ቢሮው በቅርቡ ሄደው ነበር?»

«ከፋሲካ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።»

«ሒሳብዎ ደህና ነው?»

«ምን ደህና አለው? ባስገባሁ ጊዜ አስገባ አሉኝ፣ ስፈልገው ጊዜው ገና ነው አሉኝ። ከእኔ በኋላ የገባችው ገነት ደርሷት የለም እንዴ? እኔ ቆሜ አያለሁ።» ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ተዪው። የሞተን ሰው አልወቅስም። ነፍሱን ይማር።»

ገነት ሾርላይን ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላት። ቢልቂስ ስትደርስ ለአንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ስለ መልከጸዴቅ ማውራት ያስለቅሳታል።

«ሐሙስ ከሰዓት ኮል አደረገልኝ። ‹እንኳን ደስ ያለሽ፣ ባንኩ ከነወለዱ መልሶልሻል› አለኝ። ገና ሳላመሰግነው የበሩ ደወል ጮኸ። ‹ሰው መጣብኝ፣ በኋላ› ብሎ ዘጋው።»

«ደወል? ይህን ለፖሊሱ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹ፖስታ አመላላሽ ይሆናል› አለኝ።»

ቢልቂስ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። የቢሮውን ቁልፍ ኪሷ የያዘች ልጅ ደወል ትደውላለች? «እሺ። ገንዘቡ መመለሱን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለባልሽስ?»

«ለባሌማ ፈጽሞ! እሱ ከሰማ ወንድሙ ይሰማል፤ ወንድሙ ከሰማ የሚበደር ሰው ደጄ ላይ ይሰለፋል። ቤቱን ላሰፋ ነው፣ ሁለት ክፍል ልጨምር ፈልጌ። እስካሁን ካንቺና ከፖሊሱ በቀር የነገርኩት ሰው የለም።»

«መልከጸዴቅ ለሌላ ደንበኛ ነግሮ ቢሆንስ?»

«መልኬ? አንዴ ባሌ ስለ ሒሳቤ ቢጠይቀው ‹እሷን ጠይቃት› ብሎ የመለሰው ሰው! የአንዱን ለአንዱ አፉን ቢከፍቱት አይናገርም።»

ቢልቂስ ተነሳች። ውስጧ የነበረው ንዴት አልለቀቃትም፤ ቅርጹን ግን ቀየረ። ቀደም ሲል ያናደዳት አለማወቋ ነበር። አሁን ያናደዳት ማወቋ ነው።

አንድ የቀራት ነገር ነበር። ከሲያትል በስተደቡብ ወዳለችው ዴ ሞይን ወርዳ የወይዘሮ ባየሽን በር አንኳኳች።

«እማማ፣ ሐሙስ ከሰዓት የት ነበሩ?»

አሮጊቷ በሩን እንደያዙ አዩዋት። «እኔንም ጠረጠርሽኝ?»

«እርስዎን በደንብ ሳልጠረጥር ሌላውን መክሰስ አልችልም።»

«ኩላሊቴን የሚያጥቡልኝ ቀን ነው። ማሽን ላይ ታስሬ ነበር። ልጄ ሲሞት እኔ ማሽን ላይ ታስሬ ነበር! በቃሽ?» በሩን ዘጉት። ቢልቂስ ዝናብ እየመታት ለክሊኒኩ ደወለች። እውነት ነው፤ እስከ ማታ እዚያ ነበሩ።

እሑድ ከሰዓት ዕርቁ ላይ ሁሉም መጡ። ቢልቂስ ኦልሰንን ለምና አምጥታዋለች፤ «ሰኞ ከምታፍር እሑድ አንድ ሰዓት አባክን» ብላው ነው የተስማማው። ወይዘሮ ባየሽ አንዱ የእንግዳ ወንበር ላይ፣ ገነት ሌላው ላይ ተቀመጡ። ያፌት መስኮቱን ተደገፈ። ሃሌሉያ ከኦልሰን አጠገብ ቆመች፤ አማርኛውን የምትተረጉምለት እሷ ሆነች። ተከሳሿ ለከሳሿ ስትተረጉም ማየት ቢልቂስን አንጀቷን በላት።

አቶ መሳፍንት መጨረሻ ላይ ገቡ። ሁሉም «ኖር!» ብሎ ብድግ አለ። ያፌት ትልቁን ወንበር ጎተተላቸው። «እዚህ ይሻልዎታል፣ ጋሼ።»

«የለም፣ የለም፤ እዚህ ይበቃኛል» አሉና በሩ አጠገብ ያለች የላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። በየሰርጉና በየሐዘኑ የመጀመሪያውን ወንበር ያለ ሙግት የሚቀበሉ ሰው ናቸው። ቢልቂስ አየቻቸው።

«ዕርቁን ከመጀመራችን በፊት» አሉ አዛውንቱ፣ «አባታችን ሆይ እንበል።»

«ከመጀመራችን በፊት እኔ ጥቂት ላውራ፣ ጋሼ» አለች ቢልቂስ። «ሳጅን፣ መነጽሩ የተገኘው የት ነው?»

«በእንግዳው በኩል» አለ ኦልሰን።

«ሻዩም በእንግዳው በኩል። ሰውየውም በእንግዳው በኩል። በገዛ ቢሮው መልከጸዴቅ የእንግዳ ወንበር ላይ ተረጋግቶ ተቀምጦ፣ መነጽሩን አጥፎ፣ ሻዩን እየጠጣ ነበር። አንተ ልጅቷ ትልቁ ወንበር ላይ ነበረች አልከኝ። እስቲ ሁላችሁም ንገሩት። ሃሌሉያ እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች?»

«ምን ሲደረግ!» አለች ገነት።

«ሠራተኛ አለቃዋን እያስነሳች አትቀመጥም። ለያፌትም አይነሳለትም፤ እኩያው ነው። መልከጸዴቅን ከወንበሩ የሚያስነሳው ታላቁ ብቻ ነው። እማማ ባየሽ እንዲህ ነው ያሳደጉት፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስቶ የራሱን ይለቃል። አሁን በዓይንህ አይተሃል፣ ሳጅን። ሰው ገባ፣ ሁሉም ተነሳ፣ ትልቁ ወንበር ተጎተተ።»

ሃሌሉያ ተረጎመችለት። ኦልሰን ወደ ወንበሩ አየ።

«ሁለተኛ፣ ያ ሰው ቁልፍ አልነበረውም። ገነት ደወሉን ሰምታለች። በሩን የከፈተለት ሟቹ ራሱ ነው። ሦስተኛ፣ መልከጸዴቅ ገነትን ሲያነጋግር ሒሳቧን ከፍቶ ነበር። ደወል ሲሰማ ሳይዘጋው ተነሳ። ለእንግዳው ወንበሩን ለቀቀ። ስክሪኑ ደግሞ ወደ ወንበሩ ነው የዞረው። የማንንም ምስጢር ለማንም ነግሮ የማያውቅ ሰው፣ በአክብሮቱ ምክንያት የገነትን ሒሳብ እንግዳው ዓይን ሥር ትቶት ሄደ። እንግዳው ገንዘቧ መመለሱን አየ።»

«ታዲያ ያ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ባየሽ።

«እዚህ ካለነው ወንበር የሚለቀቅላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እርስዎ ነዎት፣ እማማ፤ እርስዎ ግን ክሊኒክ ነበሩ። ገነት መመለሱን ለባሏ እንኳ አልተናገረችም፤ ከቢሮውም የወጣ ወሬ የለም። ጋሼ መሳፍንት፣ ትናንት ‹ገነት ደርሷት የለም እንዴ› ያሉኝ ከማን ሰምተው ነው?»

ሁሉም ወደ በርጩማው ዞረ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራሷ ነግራኝ ነው።»

«እኔ?» ገነት ተነሳች። «ጋሼ፣ ኧረ በእመቤቴ! ከተገናኘን ስንት ጊዜያችን ነው?»

ስልካቸው ጮኸ። አላጠፉትም፤ እጃቸው ላይ ይዘው እየጮኸ ተመለከቱት። ሲቆም እሳቸው ቀጠሉ፣ ለማንም እንደማያወሩ ሆነው።

«የእቁቡን ገንዘብ ነው ያስገባሁት። ለዚህ ዓይነት ሒሳብ ዝቅተኛው መጠን ትልቅ ነው፤ የእኔ ብቻውን አልሞላም። እስከ ዕጣው ይመለሳል ብዬ በስሜ አደረግሁት። ለእሱ የእቁብ መሆኑን አልነገርኩትም። ዕጣው ዛሬ ነው። ሐሙስ ሄጄ ለመንኩት። ‹አሁን ቢወጣ ግማሹ ይቀራል፣ ይታገሡ› አለኝ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ለገነት ደርሷል! ‹እንግዲያው ዕጣ አቀያይረን› አልኩት። ‹የእሷን ለእኔ ስጠኝ፣ የእኔ ሲደርስ ለእሷ ይሆናል። በእቁብ ዘንድ ያለ ነገር ነው።› ‹ጋሼ፣ ይሄ እቁብ አይደለም፤ የእያንዳንዱ ለየብቻው ነው› አለኝ። ስንት ሰው ያስታረቅሁ እኔ፣ ዛሬ ሌባ ልባል! የእኔን ገንዘብ ለእሷ የከፈለላት መሰለኝ። ስክሪኑን ሊዘጋ ሲነሳ ገፋሁት።»

«ከወደቀ በኋላ ይተነፍስ ነበር» አለች ቢልቂስ።

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ይተነፍስ ነበር፣ ጋሼ! አንድ ስልክ ነበር የሚያስፈልገው። እርስዎ ግን በሩን ዘግተው ወጡ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደግሞ ይቺን ልጅ ይቅርታ ጠይቂ እያሉ ዞሩ።» ድምፅዋ ከፈለገችው በላይ ጮኸ። አልቆጫትም።

ገነት ቀስ ብላ ወደ በርጩማው ቀረበች። ልትሳደብ ነው ብሎ ሁሉም ጠበቀ።

«ጋሼ፣ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?» አለች። «መልኬ ማሻገር አይችልም። እኔ ግን የራሴ ነው። አንድ ቃል ቢነግሩኝ እሰጥዎት ነበር እኮ። ክፍሎቹ ይቆዩኝ ነበር።»

አቶ መሳፍንት ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። ኦልሰን ሃሌሉያ ተርጉማ እስክትጨርስ ጠበቀና ክንዳቸውን ያዘ። ሲነሱ ማንም ኖር አላለም። ወይዘሮ ባየሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው ፊታቸው ቆሙ። እስከ ዛሬ አንቱ እየተባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

«ወንበሩን ለቀቀልህ» አሏቸው። «አክብሮህ ነበር፤ አንተ ግን መሬት ላይ ጥለኸው ሄድህ።»

ስልኩ ኦልሰን የያዘው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶም መጮኹን አላቆመም። ከደረጃው በታች እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ። እቁብተኞቹ ዳኛቸውን እየፈለጉ ነው። ገነት ቦርሳዋን አንስታ «አንድ ሰው ሄዶ መንገር አለበት» አለችና ወጣች። ያፌት ተከተላት።

ሃሌሉያ ነጻ መሆኗ ገና አልገባትም። በልማድ ትልቁን ወንበር ጎትታ ለወይዘሮ ባየሽ አቀረበችላቸው።

«አልቀመጥበትም» አሉ አሮጊቷ። «አንቺ ተቀመጪ።»

«ኧረ አይሆንም፣ እማማ።»

«ሥራው አይቆምም። እነዚያ ሽማግሎች ነገ ደውለው የሚያነሳላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ተቀመጪ ብያለሁ።»

ሃሌሉያ ቢልቂስን አየች። ቢልቂስ ደክሟታል፤ ከዚህ ወጥታ ያው መንገድ፣ ያው የመኪና ሰልፍ ይጠብቃታል። «ትልቅ ሰው ሲያዝሽ እሺ በዪ» አለቻት።

ልጅቷ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ቢልቂስ የጠረጴዛውን መብራት አበራችላትና ኮቷን ለበሰች።